በበዓል ቀን ለመጣ እንግዳ መብል ስለ ማቅረብ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሰንበት ቀን በእህል እርሻ መካከል ሲያልፍ ደቀ መዛሙርቱ ርቧቸው እሸት መቅጠፋቸውን፣ ፈሪሳውያንም በዚህ ምክንያት መክሰሳቸውን ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ ሦስቱም ጽፈውልናል (ማቴ. 12፥1–8፤ ማር. 2፥23–28፤ ሉቃ. 6፥1–5)። ይህን ክፍል ስናነብ ዐይናችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በክርክሩ ላይ ነው። ነገር ግን ክርክሩን ያመጣው ነገር ተራ ነገር እንደ ነበረ ልብ ማለት ይገባል። ይኸውም መንገደኞች ራባቸው፤ ቀኑም የሚገዛበትና የሚሸጥበት፣ የሚፈጭበትና የሚጋገርበት ቀን አልነበረም።

ሕገ ኦሪት መንገደኛ በባልንጀራው እርሻ ሲያልፍ በእጁ እሸት ቀጥፎ እንዲበላ ፈቅዶ፣ ማጭድ እንዳያነሣ ግን ከልክሎ ነበር (ዘዳ. 23፥25)። ስለዚህ ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱን በስርቆት አልከሰሱም። የከሰሷቸው ቀኑን ሻሩ ብለው ነው፤ በእነርሱ ዘንድ መቅጠፍ እንደ ዐጨዳ፣ ቅዱስ ሉቃስ ያነሣው በእጅ ማሸትም እንደ ውቂያ ይቈጠር ነበርና። ይህን ለማስረዳት የራያ ቆላ ገበሬ ብዙ ትርጓሜ አያሻውም። ከቆቦ እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ አድጎ መንገዱን ግራና ቀኝ ሲያጥረው፣ መንገደኛ አንድ ራስ ቀጥፎ በመዳፉ አሽቶ ቢቅም ባለማሳው ከማማው ላይ ሆኖ ያየዋል እንጂ አይጮኽበትም። አኮፋዳውን ሞልቶ ቢሄድ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በሀገራችን ሥራ የሚቆምበት ቀን ብዙ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ከተወሰነ ወዲህ፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ብዙ የደከሙበት ሥርዐት የመላው ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሆኖ ኖሯል። በዚህ ላይ በየወሩ በ12 ቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር አለ፤ የየአጥቢያውም ታቦት ዕለት ይጨመራል። በነዚህ ቀኖች ገበሬው ሞፈር አያነሣም፤ ሴቲቱም አትፈጭም፣ አትፈትልም። ቤት ያለው ሰው ለዚህ አስቀድሞ ይዘጋጃል። መንገድ የወጣ፣ ቤት የሌለው፣ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚገዛ ግን ምን ይሁን? ለእንግዳ ሲባል በበዓል ቀን መፍጨትና መጋገር ይገባልን? ይህን ጥያቄ የንስሐ ልጆች ለካህናት ያቀርባሉ፤ መልሱም ከካህን ካህን ሲለያይ ሰምቻለሁ።

እኔ ጸሐፊው ጥያቄውን ከመጽሐፍ ከመማሬ በፊት የተማርሁት በሆዴ ነው።

በ1980 ዓ.ም. የኅዳር 12 የሚካኤል በዓል በዕለተ እሑድ ውሎ ነበር። የ17 ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ቅኔ ከምማርበት ከላስታ ደጋ ተነሥቼ ወደ ሐይቅ ለመሄድ ሳስብ፣ በቆቦ የአክስቴ ልጅ ይኖር ነበርና ስንቅ ይሰጠኛል ብዬ መንገዴን በዚያ አደረግሁ። የ1977ቱ ረኀብ ጠባሳ ገና ሳይሽር፣ በ1979 ክረምት ዝናሙ እንደ ገና ያነሰበት ጊዜ ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሼ ሜዳው ላይ ስደርስ ማሽላው በብዙ ቦታ ፍሬ ሳይዝ አገዳ ብቻ ሆኖ ቆሟል፤ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ያጠጡት ጥቂት ማሳ ብቻ ዘግይቶ እሸት ይዟል። ከዚያ አንድ ራስ ቀጥፌ እያሸሁ በላሁ።

ከተማው ስገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ታቦቱ ገብቷል፤ ጸበል ጸዲቁ ተቀምሶ ደጀ ሰላሙ ተበትኗል። ያክስቴ ልጅ ይኖርበት በነበረው ቤት ሌላ ሰው አገኘሁ፤ እርሱ በ1977 ዓ.ም. ከብዙ የወሎ ሰው ጋር ወደ ወለጋ ሰፈራ መሄዱን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። በመቀነቴ ሦስት ብር ነበረችኝ። ነገር ግን ሱቁ ተዘግቷል፤ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል፤ ባለ ሻይ ቤቶቹም ለበዓሉ ወደ ዘመዶቻቸው ሄደዋል። ገንዘብ ይዞ መራብ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ለቆሎ ተማሪ ለምኖ መማር ክብር እንጂ ነውር አይደለም ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ጉባኤው በሚታወቅበት አጥቢያ ነው። ማንም በማያውቀኝ ከተማ፣ ያውም በድርቅ ዓመት፣ ደጅ መቆም አሳፈረኝ። ሁለት ሦስት ደጅ ዐልፌ በመጨረሻ ከከተማው ዳር ባለች አንዲት ጎጆ ደጅ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» አልሁ።

አንዲት ባልቴት ወጡና «ግባ ተሜ፣ ግባ የኔ ልጅ» አሉኝ። አስገብተው መደብ ላይ ካስቀመጡኝ በኋላ መሶቡን ከፍተው አሳዩኝ። ባዶ ነበር። ጠዋት የነበረችውን እንጀራ ለሚካኤል ብለው ወደ ደጀ ሰላም ወስደዋታል። በቤቱ የቀረው በአንድ ቁና የማይሞላ ያልተፈጨ ማሽላ ነው። ባልቴቲቱ አንድ ጊዜ ወፍጮውን፣ አንድ ጊዜ እኔን ሲያዩ ቆዩና «በሰንበት መጅ አንሥቼ አላውቅም፤ በሚካኤል ዕለትም እንግዳ ጦሙን አሳድሬ አላውቅም» አሉ። እኔም የተማርሁ መስሎኝ «እናቴ፣ በእኔ ምክንያት ሰንበትን አይሻሩ፤ ጦሜን አድራለሁ» ብዬ መለስሁ። እርሳቸው ግን ዝም ብለው የልጃቸውን ልጅ ወደ ጎረቤት ቄስ ላኳት።

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። የሁለታችንንም ቃል ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ተማሪ፣ ዛሬ ምን ቀመስህ?» አሉኝ።

«እሸት፣ አባ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«በእጄ አሽቼ።»

«እንግዲያስ አንተ አጭደህ፣ ወቅተህ፣ አበራይተህ መጥተህ እኒህን ሴት ስለ ሰንበት ታስተምራለህን?» አሉና ሳቁ። ቀጥለውም ለባልቴቲቱ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «መፍጨቱ ይቅር። ማሽላው ይቀቀል፤ ንፍሮ ያጠግባል። ሕመምተኛ ወይም ዐራስ ቢሆን፣ ወይም ንፍሮ የማይችል ሕፃን ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ፍጩ ባልሁዎት ነበር። ይህ ግን ጥርስ ያለው ጎረምሳ ነው። ራቡን ያለ መጅ ማስታገሥ ከተቻለ፣ መጅ የምናነሣው ለእርሱ ሳይሆን ለገዛ ክብራችን ይሆናል።» ይህን ብለውም አልተቀመጡም። ልጅቱን «የሚካኤል እንግዳ ከአያትሽ ቤት ገብቷልና የተረፈ ያለው ይላክ በያቸው» ብለው ወደ ጎረቤቶቹ ሰደዷት።

ንፍሮው እስኪበስል ድረስ ከአንዱ ቤት የእንጀራ እኩሌታ፣ ከሌላው በጭልፋ የሚቈጠር ሽሮ ወጥ፣ ከሌላው ጠላ መጣ። ከአንድ እስላም ጎረቤት ቤትም ወተት በቅል ተላከ። ሥጋ ቢሆን አንበላላም ነበር፤ ይህን በወሎ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሰውዬው የሚበላውን መርጦ ላከ። በዚያ ዓመት ከነዚያ ቤቶች አንዱም የተረፈ የሚባል ነገር እንዳልነበረው በኋላ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍትን ስመለከት የእኒያ ቄስ ፍርድ በብዙ ቦታ ተደግፎ አገኘሁት። ጌታችን ለፈሪሳውያን ሲመልስ ዳዊትን ምስክር ጠርቷል። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ወደ ኖብ ሲደርስ ካህኑን አቢሜሌክን እንጀራ ለመነው (1ሳሙ. 21፥1–6)። አቢሜሌክ ወዲያው የተቀደሰውን ኅብስት አላነሣም። አስቀድሞ ሌላ እንጀራ በእጁ እንደሌለ ተናገረ፤ ከዚያም ስለ ሰዎቹ ንጽሕና ጠየቀ፤ በመጨረሻ ሰጠ። ኅብስቱ በየሰንበቱ የሚለወጥ ስለ ነበረ (ዘሌ. 24፥8) ዳዊት የበላው በሰንበት ቀን ነው የሚሉ መተርጕማን አሉ። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ሕጉ ከንቱ ነው ብሎ ማለፍን አይደለም፤ የተራበውንም ሕጉ አይፈቅድልህም ብሎ መስደድን አይደለም። ካህኑ በመጀመሪያ ያልተከለከለውን ፈለገ፤ ሲያጣ የተከለከለውን ሰጠ፤ ጌታም አልነቀፈውም። የቆቦው ቄስም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ያልተከለከለው ንፍሮ ነበረ፤ እርሱ ስለ ተገኘ ወፍጮው ዐረፈ። ባይገኝ ኖሮ ወፍጮው ይሠራ ነበር።

አንዳንድ መምህራን ምሕረት ከመጣች ቀኑ ይሻር ብለው በአንድ ቃል ይጨርሱታል። ይህ ለሰሚው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ትንሽ ቆይቶ ነጋዴውም «ለእንግዳ ብዬ ነው» እያለ ሱቁን ይከፍትበታል። ሌሎች ደግሞ ቀኑን እንደ ብረት መዝጊያ አድርገው ይይዙታል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ መብልና ስለ በዓል ማንም እንዳይፈርድብን የጻፈውን (ቈላ. 2፥16) እነዚህ ቢያስቡት፣ ጌታም ሰንበት ለሰው ተሠራች እንጂ ሰው ለሰንበት አልተሠራም ያለውን እነዚያ ከነምክንያቱ ቢያነቡት መልካም ነበር። ሰንበት ለሰው ከተሠራች፣ በዚያች ቀን ከደጅ የቆመው መንገደኛም ሰው ነው፤ ወፍጮዋን አስቀምጣ የምታርፈው ሴትም ሰው ናት። የቄሱ ፍርድ ሁለቱንም አሰበ።

ይሁን እንጂ ዋናው ነገር በበዓሉ ቀን የሚሠራው አይመስለኝም። ዋናው በዋዜማው የሚሠራው ነው። እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲለቅሙ በስድስተኛው ቀን እጥፍ አገኙ፤ በሰባተኛው ቀን ሊለቅሙ የወጡት ግን ምንም አላገኙም (ዘፀ. 16፥22–30)። የሰንበት እንጀራ የሚሰጠው ከሰንበት በፊት ነው ማለት ነው። ቀዳሚትንም እሑድንም የምታከብር የእኛ ሴት ዓርብ ስትፈጭ፣ ለቤተ ሰቧ ብቻ ለክታ ከፈጨች የእንግዳውን ደጅ የዘጋችው በእሑድ ሳይሆን በዓርብ ነው። የቀድሞ እናቶች ሊጡን ሲያቦኩ የእንግዳውን ድርሻ ይጨምሩበት ነበር፤ እንግዳ ባይመጣ ለልጆች ቁርስ ይሆናል። በድርቅ ዓመት ይህን ማድረግ ከባድ መሆኑን አልክድም። የሰራፕታዋ መበለት ለነቢዩ ለኤልያስ ያቀረበችው ለራስዋና ለልጅዋ የመጨረሻ ከነበረው ዱቄት ነው (1ነገ. 17፥8–16)። ኤልያስም «አስቀድመሽ ለእኔ» ማለቱ ሰውን ያስደነግጣል፤ እኔም ያን ምሽት ንፍሮውን ስበላ የባልቴቲቱን የልጅ ልጅ ዐይን ማየት አልቻልሁም ነበር።

በዚያው በኅዳር 12 ቀን በስንክሳር የሚነበበው የዱራታዎስና የቴዎብስታ ታሪክም ለዚህ ነገር ቅርብ ነው። እነዚህ ባልና ሚስት በየወሩ የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር ያደርጉ ነበር። ችግር መጥቶ ሀብታቸው ሁሉ ሲያልቅ፣ ዱራታዎስ የሚዘክርበትን በግ በልብስ ሊለውጥ ወጣ። መልአኩ በመኰንን አምሳል ተገናኝቶት በራሱ ዋስትና በግ ከእረኛ፣ ዓሣ ከዓሣ ሻጭ፣ ስንዴም ከባለ እህል እንዲወስድ አደረገው፤ በዓሣውም ሆድ ሦስት መቶ የወርቅ ዲናር ተገኘ፤ የሦስቱም ሰዎች ዋጋ ሳይቀር ተከፈለ። ይህን ታሪክ ስንተርክ ወርቁን እናበዛለን። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ እረኛው፣ ዓሣ ሻጩና ባለ እህሉ በቃል ብቻ አምነው ማበደራቸው ነው። ለእኒያ የቆቦ ጎረቤቶች «የሚካኤል እንግዳ መጣ» የሚለው የአንዲት ሕፃን ቃል እንደዚያ ያለ ዋስትና ሆኖላቸዋል።

ስለ አብርሃም በትርጓሜ የሚነገረውንም አባቶች ያውቁታል። እንግዳ ሳይቀበል እህል አይቀምስም ነበርና፣ ሰይጣን መንገዱን ዘግቶ ሦስት ቀን እንግዳ ከለከለው፤ ከዚያ በኋላ ሥላሴ በእንግድነት መጡለት (ዘፍ. 18)። በዚህ ትርጓሜ የተራበው ባለቤቱ ነው፤ እንግዳው ሲታጣ መሶቡ ተዘጋ። ሰንበተ ክርስቲያን የምንላት እሑድም በመጀመሪያዋ ምሽት፣ በኤማሁስ መንገድ፣ ቀኑ መሽቷልና ከእኛ ጋር እደር ተብሎ የተለመነ መንገደኛ ማዕድ የቀረበባት ዕለት ናት (ሉቃ. 24፥28–30)። እሑድን ስናከብር ይህን ማዕድ ትተን ሥራ መተውን ብቻ ከያዝን ግማሹን ነው ያከበርነው።

የስቅለት ዕለት ነገር ከዚህ ይለያል። በዚያች ዕለት ምእመኑ ሁሉ ይጾማልና የሚፈለግ ማዕድ የለም፤ ስለ ሕመምተኛ፣ ስለ ሕፃናት፣ የጾሙ ሕግ ስለማይደርስበት መንገደኛም ማሰብ ብቻ ይቀራል።

አሁን ወዳለንበት ዘመን እንምጣ። በቆቦ መካከል የሚያልፈው ከወልድያ ወደ አላማጣና ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ መንገድ ነው። በሸለቆው በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚመረትባቸው እርሻዎች ስላሉ የቀን ሠራተኛው ብዙ ነው፤ በጦርነቱ ምክንያት ከቀያቸው የተፈናቀሉም ተጨምረውበታል። እነዚህ ሰዎች መሶብ የላቸውም። ምሳቸው በምግብ ቤት፣ ራታቸው በጉልት ነው። በታላቅ በዓል ቀን ምግብ ቤቱ ሲዘጋ፣ ጉልት ቸርቻሪዋም ቤቷ ስትውል፣ የእኛ በዓል የእነርሱ ረኀብ ይሆናል። የዘጉትን አልነቅፍም፤ ማክበራቸው መልካም ነው። የምነቅፈው እኛን ካህናቱን ነው። ደጀ ሰላም ለምን እንደ ተሠራ እናውቃለንና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ደብር፣ ስሙን አልጠራም፣ ለንግሥ በዓል ተጋብዤ ነበር። ቅዳሴው አልቆ ታቦቱ ከገባ በኋላ ጸበል ጸዲቅ በአዳራሽ ቀረበ። በአዳራሹ በር ሁለት ጎልማሶች ቆመው የማኅበሩን አባልና የተጠራውን እንግዳ እየለዩ ያስገባሉ። ከበሩ ውጭ ልብሳቸው አፈር የነካው ስድስት ሰባት ወጣቶች ቆመው አየሁ፤ ለሥራ ከደጋ የወረዱ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ጥቂት ቆመው ሄዱ። እኔም ከውስጥ ተቀምጬ፣ እጄን ታጥቤ፣ በላሁ። ተነሥቼ መናገር ይገባኝ ነበር፤ እንግዳ ነኝ ብዬ ዝም አልሁ። ይህን የምጽፈው የዚያ ዝምታ ዕዳ ስላለብኝ ጭምር ነው። አባቶችና ወንድሞች፣ የበር ጠባቂዎቹ ቦታ ከበሩ ወደ መንገዱ ቢዛወር፣ ማለት የሚያስቀሩ ሳይሆኑ የሚጠሩ ቢሆኑ፣ አንድ ማኅበር በየወሩ በሚያወጣው ወጪ ላይ የሚጨምረው ጥቂት እንጀራ ነው። በዋዜማው ለስንት ሰው እንደሚጋገር ሲቈጠር በከተማው የሚያድረው ሥራ ፈላጊ አብሮ ይቈጠር።

የጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ወደ ቆቦ ወርጄ ነበር። ባልቴቲቱ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ቄሱም እንዲሁ። ቤቱን አጥቼው ስዞር ያገኘኋት ያች ወደ ቄሱ የተላከችው ልጅ ነበረች፤ አሁን የልጆች እናት ሆናለች። ስለ 2013ና ስለ 2014 ዓ.ም. ነገረችኝ። ያን ጊዜ ገበያውም፣ ባንኩም፣ ሱቁም የተዘጋው ለበዓል አልነበረም። መብራት ስለ ጠፋ የሞተር ወፍጮው ቆመ። የአያቷ ወፍጮ ከጓሮ ወድቆ የልጆች መቀመጫ ሆኖ ነበርና አንሥተው አጠቡት፤ መጁ ግን ስለ ጠፋ ከሆርማት ወንዝ ድንጋይ አምጥተው ወቅረው ተኩት። ጎረቤቱ ሁሉ በተራ ይፈጭበት ነበር።

«እሑድስ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የሚጠየቅ ቄስ አልነበረም፣ አባ» አለችኝ፤ «እሑድ እሑድ ንፍሮ ቀቀልን። ለዐራሷ ብቻ ፈጨን።»

ዐራሷ የማን ልጅ እንደ ነበረች ጠየቅሁ። ያን ዕለት ወተቱን የላከው የእስላሙ ጎረቤት የልጅ ልጅ ነበረች።